የሽቦ መጋዟና የአንድ ሌሊት ሥራዋ

የደን ተማሪ ስለ መጋዝ ጻፈች ቢባል የሚገርመው ሰው ያለ አይመስለኝም። እየጮኸ ጫካውን ስለሚያምሰው የሞተር መጋዝም፣ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ስለሚስበው ረጅሙ መጋዝም በክፍል ውስጥ ብዙ ተምረናል። እኔ ዛሬ የማነሣት ግን ተጠቅልላ ከክብሪት ጋር አንድ ኪስ የምትጋራ፣ ሁለት ቀለበትና አንድ ሽቦ ብቻ የሆነች ዕቃ ናት። የሽቦ መጋዝ ትባላለች። ጥያቄዬም አጭር ነው፤ ይህች ዕቃ ዱር ላይ መሽቶበት ለቸገረው ሰው ትጠቅማለች ወይስ መጫወቻ ናት? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ትጠቅማለች፣ ለአንድ ሥራና ለአንድ ሌሊት። እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ትረዱኛላችሁ።

መጋዟን ያገኘኋት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ሰፈር የማይገኝ ብረት እንደሌለ የታወቀ ነው። ሻጩ ከአሮጌ ቁልፎችና ከተፈቱ ማጠፊያዎች መሐል ጥሏት ነበር። “ይሄ ምንድነው ወንድሜ?” ብለው፣ “የፍሬን ሽቦ ነው እህቴ፣ ለሳይክል ይሆንሻል” አለኝ። ሳይክል ባይኖረኝም ገዛኋት። ምን እንደሆነች በመጽሐፍ ሥዕል አይቼ አውቃት ነበርና ከሻጩ ጋር ብዙም አልተከራከርኩም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ተጎንጉነዋል። ርዝመቷ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ክብደቷም ከአንድ እስክሪብቶ ብዙ አይርቅም። እንደ ተራ መጋዝ በተርታ የቆሙ ጥርሶች የሏትም፤ ሥራውን የሚሠራው የጉንጉኑ ሸካራነት ነው። እንጨቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትጎተት እየፋቀች፣ እየፋቀች ትገባለች። በሁለቱ ጫፎቿ ያሉት ቀለበቶች የጣት ማስገቢያ ናቸው ይባላል፤ ይህ አባባል ግን ጣትን የሚያስከፍል መሆኑን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚህችን ዕቃ ታሪክ ሳነብ በጣም ገረመኝ። መነሻዋ የወሊድ ክፍል ነው። ሊዮናርዶ ጂሊ የሚባል ጣሊያናዊ የማዋለጃ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ያስተዋወቃት፣ የዳሌ አጥንታቸው ጠቦ መውለድ ላቃታቸው እናቶች አጥንቱን በቀጭኑ ቆርጦ መንገድ ለማስፋት ነበር። ቀዶ ሐኪሞች የራስ ቅል ለመክፈትና የተጎዳ እግር ለመቁረጥም ተጠቅመውባታል፤ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው ኤም አይ 9 የተባለው የእንግሊዞች የስለላ ክፍል ወታደሮቹ ቢማረኩ የእስር ቤት ፍርግርግ ቆርጠው እንዲያመልጡ ይህንኑ ሽቦ በጫማ ማሰሪያ ውስጥ ይደብቅላቸው ነበር። የተራራ ወጪዎችና የዱር ተጓዦች ኪስ የገባችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያም የተሠራችው ትልቅ መሣሪያ ሊገባ በማይችልበት ጠባብ ቦታ ለሚቸገር ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከገዛኋት በኋላ ለአንድ ወር ያህል ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ በወዳደቁ ቅርንጫፎች ላይ ስሞክራት ከረምኩ። ጓደኞቼ እያዩኝ ይስቁ ነበር። አንዱ የድሬዳዋ ልጅ በተለይ፣ “አቦ፣ አንቺ ልጅ ማሲንቆ ተማርሽ እንዴ?” ይለኝ ነበር። እውነትም ሲያዩት ማሲንቆ ይመስላል። ክንድ የሚያህል ደረቅ ባሕር ዛፍ አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ፣ እሱም እያረፍኩ። ቀርከሃ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። ሙጫ ያለው እርጥብ እንጨት ጉንጉኑን እየደፈነ ያስቸግራል።

ከዚያ ሙከራ የተማርኳቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሁለቱን እጅ ማራራቅ ነው። እጆች ከተቀራረቡ ሽቦዋ እንጨቱን እንደ ቀለበት ትጠመጥመዋለች፤ ያን ጊዜ እጥፋቷ ጠባብ ይሆንና ትደክማለች፣ ትበጠሳለችም። እጆች ተራርቀው ሽቦዋ ወደ ቀጥታ ስትጠጋ ዕድሜዋ ይረዝማል። ሁለተኛው፣ ቶሎ ቶሎ መሳብ ሳይሆን ረዘም አድርጎ በዝግታ መሳብ ነው። ጠባብ ቁራጭ ውስጥ የሚፋተግ ብረት ይግላል፤ እኔ አንድ ጊዜ በጣቴ ነክቼው እንደ ምጣድ ፈጀኝ። የጋለ ሽቦ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ኋላም ይበጠሳል። ስለዚህ ትንሽ መሳብ፣ ትንሽ ማረፍ ነው። ሦስተኛው የቀለበቶቹ ነገር ነው። ጣት ካስገባችሁባቸው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጣታችሁ ይሰነጠቃል። በየቀለበቱ አውራ ጣት የሚያህል ዱላ አስገብቶ ዱላውን በሙሉ መዳፍ መያዝ ይሻላል።

አራተኛው ነገር ከክፍል ትምህርታችን ጋር የሚገናኝ ነው። ሁለት ጫፉ ድንጋይ ላይ ያረፈ ግንድ በክብደቱ ወደ ታች ይለምጣል፤ የላይኛው ወገኑ ይጨናነቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። ከላይ ብትቆርጡት ቁራጩ እየተዘጋ መጋዙን ይነክሳል። ከታች ወደ ላይ ከቆረጣችሁት ግን እየተከፈተ ይሄዳል። የሽቦ መጋዝ ደግሞ ከግንዱ ሥር አሾልኮ ወደ ላይ ለመሳብ እንደተፈጠረች ናት። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ፣ ሌላው ጫፉ በአየር ላይ ያለ ቅርንጫፍ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የተወጠረው የላይኛው ወገን ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ነው መቆረጥ ያለበት። አንዳንዶች በሽቦዋ ላይ ገመድ ቀጥለው ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ይወረውሩና ከሥሩ ቆመው ይስባሉ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ የሚወርደው በሳቢው አናት ላይ ስለሆነ ይህን ዘዴ ለማንም አልመክርም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የግቢ ሙከራ ነው። ቁም ነገሩ የታየው ባለፈው ክረምት ባሌ ላይ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. እንደተመሠረተና በ2023 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ታውቃላችሁ። ከጎባ ተነሥቶ የሰናቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በስተ ምዕራቡ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ይታያል። ከአምባው በስተ ደቡብ ሲወረድ መጀመሪያ የአስታ ጫካ፣ ከዚያ ሪራ፣ ከዚያም የሐረና ደን ይመጣል። እኛ የሄድነው አስታው ውስጥ ናሙና ልንለካ ነው። አስታ እሳት ከበላው በኋላ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ስለሆነ ዳግም ዕድገቱን ማየት ፈልገን ነበር።

የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል እንደሚቀንስ ሁላችንም በፈተና ላይ ጽፈናል። በፈተና ላይ መጻፍና በሰውነት ማወቅ ግን የተለያዩ ናቸው። አምስት ተማሪዎችና አንድ የአካባቢው መንገድ መሪ ሆነን፣ መኪናውን ከረዳት መምህራችንና ከሹፌሩ ጋር መንገድ ዳር ትተን፣ ጠዋት በአንድ እርምጃ የተሻገርናትን ትንሽ ጅረት አልፈን ገባን። ካሊፐር፣ ክሊኖሜትር፣ ጂፒኤስ፣ ሜትርና የመመዝገቢያ ቅጽ ነበረን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ወረደ፣ ተከትሎት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጅረቷ ጋ ስንመለስ ጅረት የሚባል ነገር የለም፤ ድንጋይ የሚያንከባልል ደፍራሽ ወንዝ ሆናለች።

የድሬዳዋው ልጅ ዳር ቆሞ ጥልቀቱን ሊያይ ሲጠጋ የቆመበት አፈር ተናደና እስከ አንገቱ ገባ። መሪያችን ዱላቸውን ባያቀብሉት ኖሮ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወዲያ በሚሄደው ውሃ ፊት ቆመው፣ “ኢጆሌ፣ ውሃ አይቸኩሉትም። ዝናቡ አቁሟል፣ ሌሊቱን ይጎድላል። ዛሬ እዚህ ነን” አሉን። ስልክ ብንሞክር ኔትወርክ የለም። ብንጮህም ድምፃችንን ወንዙ ዋጠው።

እሳቸው ቦታውን ያውቁታል። ከብት ጠባቂዎች የሚጠለሉበት፣ ከሥሩ አሮጌ አመድ ያለበት የተንጋደደ ድንጋይ አጠገባችን ነበር። ጣሪያ አገኘን ማለት ነው። የድሬዳዋው ልጅ በዚያን ሰዓት ገና ይቀልድ ነበር፤ “አቦ፣ ባሌ ዋና እንዳለ ማን ነገራችሁ?” እያለ ያስቀናል፣ ጥርሱ ግን ይንገጫገጫል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት ለብርድም ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ቀልዱ ቆመ። ከዚያ መንቀጥቀጡም ቆመ። የሸሚዙን ቁልፍ ሊፈታ እየሞከረ ጣቱ አልታዘዝ አለው። “መኪናው መጣ?” ብሎ ጠየቀን። “አልመጣም” አልነው። ከደቂቃ በኋላ እንደገና “መኪናው መጣ?” አለ፣ ምላሱ ተሳስሮ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የደብረ ብርሃኗ ጓደኛችን ፊቷን አዙራ ማልቀስ ጀመረች።

የሰው ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ይባላል። ለዚህ ደግሞ አየሩ በረዶ መሆን የለበትም፤ እርጥብ ልብስና ንፋስ ካሉ በቂ ናቸው። መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ሊያሞቅ የሚታገልበት መንገድ ነው። በደረቅ ልብስ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ሰውነቱ ተሸንፏል ማለት ነው።

ወዲያው እርጥብ ልብሱን አውልቀን በመሪያችን ቡልኮ ጠቀለልነው። ከመሬቱ ብርድ እንዲለየው ቦርሳዎቻችንንና የአስታ ጭራሮ ከሥሩ አነጠፍን፣ ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ታቀፉት። አንዱ “ክንዱን እንሸው” ቢል መሪያችን ከለከሉት፤ “ተዉት፣ አትሹት፣ አትጎትቱት። እሳት ነው የሚያስፈልገው” አሉ።

ችግሩ እሳቱ ላይ ነው። ያ ጫካ በክረምት ሁሉ ነገሩ ውሃ ነው። በየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው ሽበት እንኳ ሲጨመቅ ይንጠባጠባል። መሬት ላይ የወደቀው እንጨት እንደ ስፖንጅ ጠጥቷል። መሪያችን፣ “ደረቅ እንጨት ያለው ሞቶ ከመሬት ከፍ ባለው እንጨት ሆድ ውስጥ ነው። ላዩ ይረጥባል፣ ሆዱ አይረጥብም” አሉ። ሆዱን ለማግኘት ግን ቆርጦ መፍለጥ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ከቢላ በስተቀር ስለት አልያዙም። “ፓርክ ውስጥ መጥረቢያ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ልትቆርጥ ነው ይባላል። እቤት ትቼ ነው የመጣሁት” አሉን።

ሽቦዋን ከኪሴ አወጣኋት።

ከድንጋዩ በላይ ከቆመበት የደረቀ፣ ወድቆም አንዱ ጫፉ ቋጥኝ ላይ፣ ሌላው ጫፉ የሌላ ዛፍ ጉቶ ላይ ያረፈ አስታ ነበር። ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህላል፣ መሬት አልነካም። ሁለት ጫፉ ያረፈ ነውና ሽቦዋን ከሥሩ አሾለክን። በየቀለበቱ ዱላ አስገብተን እኔ በአንድ በኩል፣ የደብረ ብርሃኗ ጓደኛዬ በሌላ በኩል ቆመን መሳብ ጀመርን። “ቀስ! ረዘም አድርጊው!” እያልኳት፣ እሷም “ውይ፣ እጄ!” እያለች። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት እንደ ጭቃ ይለጠፍ ነበር። ሽቦዋ ወደ መሐል ስትዘልቅ ግን በባትሪው ብርሃን ደረቅ፣ ቀላ ያለ ዱቄት ሲበን አየን። ያኔ መሪያችን “አለ!” አሉ፣ አንድ ቃል ብቻ። ደረቅ እንጨት አለ ማለታቸው ነው።

አንዱን ለመቁረጥ ሰባት ስምንት ደቂቃ ሳይፈጅብን አልቀረም። አስታ ጠንካራ ነው። እየተፈራረቅን፣ ሽቦዋ ስትግል እያቆምን፣ ከአንድ ክንድ ያጠሩ ስድስት ቁራጮች አወጣን። ሰባተኛው ላይ ሽቦዋ ከቀለበቱ መገናኛ ላይ ጭጭ ብላ ተበጠሰች። የሽቦ መጋዝ ደካማ ቦታዋ ያ ነው። እስከዚያው ግን መሪያችን የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች አቁመው፣ ቢላቸውን ከላይ አድርገው በድንጋይ እየመቱ ፈልጠዋቸው ነበር። ከውስጡ ቀጫጭን ልጭ ልጠው፣ በፌስታል የጠቀለልኩትን ክብሪት ተቀብለው ጫሩ። ሁለተኛው ክብሪት ያዘ። እሳቱ ከበረታ በኋላ እርጥቡንም እንጨት በዙሪያው እያደረቅን ስንማግድ አደርን።

ከምሳ የተረፈ በሶና ስኳር ነበረን። በጣሳ ውሃ አሙቀን በጠበጥንለትና ራሱ ዋጥ ማድረግ መቻሉን አይተን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት አካባቢ ዓይኑን ገልጦ፣ “አቦ፣ ይሄ በሶ ስኳር ያንሰዋል” አለን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፣ የደብረ ብርሃኗም እያለቀሰች። ሲነጋጋ ወንዙ ወደ ጅረትነቱ ተመልሶ ነበር። ተሻገርን። ለፓርኩ ስካውቶችም እሳት ያነደድንበትን ቦታና የቆረጥነውን እንጨት ነገርናቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ልጁን ያተረፈችው የሽቦ መጋዝ ናት ወይ? አይደለችም። በቅድሚያ ያተረፈው “ውሃ አይቸኩሉትም” ያሉት ሰው ፍርድ ነው፤ ሁላችንም ለመሻገር ብንሞክር የሚጠፋው ሰው ይበዛ ነበር። ቀጥሎ የድንጋዩ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ደረቁ ቡልኮ፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ የታቀፉት ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ ደረቅ ክብሪት አለ። መጋዟ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቀለበት ናት።

በማግስቱ መሪያችንን፣ “አባባ፣ ሽቦዋ ባትኖር ምን ያደርጉ ነበር?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው፣ “ሁለት ድንጋይ መሐል አስገብቼ በጉልበቴ እሰብረው ነበር። ይሰበራል። ግን በጨለማ፣ በዚያ ጭቃ፣ እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ይመሽብን ነበር ልጄ” አሉኝ። በእኔ አስተያየት የመጋዟ ጥቅም በዚህ መልስ ውስጥ አለ። የሰጠችን ነገር ጊዜ ነው። ያለ እሷም እንጨቱ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን “መኪናው መጣ?” እያለ ለሚደጋግም ሰው የአንድ ሰዓት መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ማንም አያውቅም።

መመስገን የሌለባትን እንዳላመሰግናት ደግሞ ድክመቷን ልናገር። ከአንድ ታጣፊ መጋዝ ጋር ስትነጻጸር እጅግ ደካማ ናት። እኛ ስምንት ደቂቃ የፈጀብንን እንጨት ጥሩ ታጣፊ መጋዝ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጠዋል፣ ያውም በአንድ እጅ። እጁ የደነዘዘ ወይም የተጎዳ ሰው ብቻውን ሽቦ መሳብ ይከብደዋል፤ እኛ ሁለት ሆነን ነው የቻልነው። ርካሽ ሽቦ ደግሞ መቼ እንደሚበጠስ አይታወቅም። ትልቅ ግንድ የሚቆርጥባት፣ ጎጆ የሚሠራባት፣ ለሳምንት የሚኖርባት ዕቃ አይደለችም። ታዲያ ለምን ትያዝ? ታጣፊው መጋዝ ቦርሳ ውስጥ፣ መጥረቢያው እቤት፣ ገጀራው መኪና ውስጥ በሚቀርበት ቀን ኪስ ውስጥ የምትገኘው እሷ ስለሆነች። ችግር የሚመጣው ሰው ከዕቃው በተለየበት ሰዓት ነው፤ እኛና ዕቃችን የጫነው መኪና በአንድ ወንዝ ተለያይተን እንዳደርነው ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የመስክ ዕቃ ዝርዝራችንን አይታችሁት ከሆነ ሁሉም ዛፍ የሚለካ ነው። ለማደር የሚያገለግል አንድም የለበትም። በክረምት ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ታጣፊ መጋዝ፣ አንድ ወፍራም ላስቲክ፣ አንድ ደረቅ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የታሸገ ክብሪት፣ በሶና ስኳር፣ የሚሞቅበትም ጣሳ ቢጨመር ወጪው ከአንድ ክሊኖሜትር ዋጋ በታች ነው። የሽቦ መጋዝ ደግሞ በየተማሪው ኪስ። ከሁሉም በላይ ከመውጣታችን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ልምምድ ይደረግ። በሽቦ መጋዝ አንድ እንጨት ሳይቆርጥ ኪሱ የጨመራት ሰው በቸገረው ቀን የሚያገኘው ሁለት ቀለበትና የተበጠሰ ሽቦ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ብጨርስ ግን የደን ተማሪነቴ ይታዘበኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። የአገራችን ደን ለረጅም ጊዜ እንደ ሞኝ ደጃፍ ሆኖ ኖሯል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆርጦበታል። መጋዝ ኪስ ውስጥ መያዝ የመቁረጥ ፈቃድ አይደለም። ሕይወት ያለው ዛፍ አይነካ፤ ለእሳትም ቢሆን እርጥብ እንጨት አይረባም። የሞተውም ቢሆን ለወፍና ለነፍሳት ቤት ስለሆነ ነፍስ ካልተጨነቀች በስተቀር ባለበት ይተው። እሳቱም ከድንጋይ ሥር፣ ከሣርና ከአስታ ርቆ ይነደድ፣ ሲነጋም በውሃ ጠፍቶ አመዱ በእጅ ተዳስሶ ይተው። አስታ በበጋ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ላይ ሰደድ እሳት ያደረሰውን ጉዳት የምናውቅ ሁሉ አንዘነጋውም።

የድሬዳዋው ልጅ አሁን ደህና ነው። በዚህ ሴሚስተር ማሲንቆ ነው ማለቱን ትቶ አንድ የሽቦ መጋዝ ከየት እንደሚገዛ ጠይቆኛል። ምናለሽ ተራ ሄዶ “የፍሬን ሽቦ አለህ?” እንዲል ነግሬዋለሁ።